ሊዮ ሲላርድ እና ባለአንድ ሞለኪውሉ ሞተር

ሊዮ ሲላርድ ይበልጥ የሚታወቀው በኑክሌር ፊዚክስ ነው። በ1933 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰንሰለታዊ አጸግብሮትን ሐሳብ ለንደን ውስጥ ጠነሰሰ፤ አንስታይን በ1939 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረመበትን ደብዳቤ በማዘጋጀትም ዋነኛ ድርሻ ነበረው። ይህ ዝና ግን ቀደም ሲል በርሊን ሳለ በኢንትሮፒ ላይ የሠራውን ሥራ ጋርዶታል።

ሲላርድ በ1898 ቡዳፔስት ተወለደ። ምሕንድስና ጀምሮ ወደ ፊዚክስ ዞረ፤ በ1922 በማክስ ፎን ላው አማካሪነት በቴርሞዳይናሚክስ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ ዶክትሬቱን አገኘ። ከአንስታይን ጋር ተንቀሳቃሽ ሜካኒካዊ ክፍል የሌላቸውን ማቀዝቀዣዎች የፈለሰፈውም በዚያው በርሊን ነው፤ ሙቀት ለእርሱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በ1929 ያሳተመው ጽሑፍ የተነሣው ከማክስዌል ጋኔን ነው። ማክስዌል በ1867 እንዳሰበው፣ ፈጣን ሞለኪውሎችን ከዘገምተኞቹ የሚለይ ፍጡር ቢኖር ያለ ሥራ የመጠነ ሙቀት ልዩነት ፈጥሮ የቴርሞዳይናሚክስን ሁለተኛ ሕግ ይሽራል። ሲላርድ ችግሩን ወደ አንዲት ሞለኪውል አወረደው። ሞለኪውሏ መጠነ ሙቀቱ በማይለወጥ ሲሊንደር ውስጥ ናት፤ መካከሉ ላይ ግድግዳ ይገባል፤ ፍጡሩ ሞለኪውሏ በግራ ትሁን በቀኝ ይመለከታል፤ ከዚያም ግድግዳውን እንደ ፒስተን እንድትገፋ ያደርጋል። በአንድ ዑደት ከአካባቢው ሙቀት የሚገኘው ሥራ ቢበዛ የቦልትዝማን ቋሚ፣ የመጠነ ሙቀቱና የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ብዜት ነው፤ በ300 ኬልቪን 2.9×10⁻²¹ ጁል ገደማ።

ሕጉ ካልተሻረ ይህ ትርፍ የሚከፈልበት ቦታ መኖር አለበት። ሲላርድ ክፍያውን በልኬቱ ላይ አኖረው፦ ፍጡሩ ያየውን የሚይዝበት ትውስታ ያስፈልገዋል፤ ልኬቱም በአማካይ ቢያንስ ከተቀነሰው ጋር እኩል ኢንትሮፒ ያመነጫል። የግራ ወይም ቀኝ ምርጫው ዛሬ አንድ ቢት የምንለው ነው፤ ክሎድ ሻነን የመረጃን ኢንትሮፒ ቀመር ያሳተመው ግን ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነበር።

የክፍያው ቦታ በኋላ ተዛወረ። ሮልፍ ላንዳወር በ1961 ሙቀት መልቀቅ ግድ የሚሆነው መረጃ ሲሰረዝ መሆኑን አመለከተ። ቻርልስ ቤኔት በ1982 ልኬት በመርሕ ደረጃ ያለ ኢንትሮፒ ወጪ ሊከናወን እንደሚችል፣ ዕዳውም የሚመጣው ፍጡሩ ዑደቱን ለመድገም ትውስታውን ሲያጸዳ መሆኑን አሳየ። መጠኑ ያው ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የሲላርድ ዋና ግኝት የክፍያውን ቦታ መጠቆሙ ሳይሆን፣ የተመልካቹን ትውስታ እንደ ማንኛውም ቁስ አካል በኢንትሮፒ ሒሳብ ውስጥ ማስገባቱ ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በርሊንን ለቀቀ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ባዮሎጂ አዘነበለ። በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ ላ ሆያ አረፈ።