ሩዶልፍ ፓየርልስ፡ የሙቀትን መንገድ የመረመሩት ስደተኛ

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው ዕውቀታቸውን ለሌላ አገር የሰጡ ምሁራን ጥቂት አይደሉም። አገር የገፋችው ሊቅ ሌላውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ካሳዩት አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ሰር ሩዶልፍ ፓየርልስ ናቸው።

ፓየርልስ እ.ኤ.አ. በ1907 በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ፋብሪካ ኃላፊ ነበሩ። በ1929 ላይፕዚግ ላይ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፉ ጠጣር ነገሮች ውስጥ ሙቀት እንዴት እንደሚጓዝ መረመሩ። በብረት ውስጥ ሙቀትን በአብዛኛው የሚያጓጉዙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እንደ ጨውና አልማዝ ባሉት ግን ሥራው የአቶሞች ንዝረት ነው። ፓየርልስ ያሳዩት፣ ንዝረቶቹ እርስ በርስ ሲጋጩ አቅጣጫቸው የሚገለበጥበት ሂደት ባይኖር ኖሮ፣ እንከን በሌለው ክሪስታል ውስጥ ሙቀትን የሚገታው ነገር እንደማይኖር ነው። በዚያው ዘመን የማግኔት መስክ በብረት ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ጎን ሲገፋ፣ በአንዳንድ ብረቶች ውጤቱ ለምን ተቃራኒ እንደሚሆንም አብራርተዋል።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ለትምህርት ውጭ የነበሩት ፓየርልስ አልተመለሱም፤ እንግሊዝ ቀሩ። በ1937 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1940 እንደርሳቸው ስደተኛ ከነበሩት ኦቶ ፍሪሽ ጋር ሆነው፣ ለአቶም ቦምብ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ዩራኒየም 235 እንደሚበቃ አሰሉ። ስሌቱ መጠኑን ቢያሳንሰውም የእንግሊዝን መንግሥት ለማንቃት በቃ። እርሳቸውም ሎስ አላሞስ ድረስ ሄደው ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ ግን የኑክሌር መሣሪያ እንዲገታ ሲደክሙ ኖረው፣ በ1995 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ፈረንሳይ ውስጥ ግሬኖብል ላይ አዲስ ነገር ታየ። ተርቢየም ጋሊየም ጋርኔት በተባለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ክሪስታል ውስጥ የሚፈሰውን ሙቀት የማግኔት መስክ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ጎን አዘነበለው። ንዝረት የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ማግኔት በቀጥታ ሊገፋው አይችልም። ስለዚህም ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተከራካሪዎቹ ግን መነሻቸው ያው ነው፤ አገሩ ልታጣው የፈቀደችው የ22 ዓመት ወጣት የቀመረው ስሌት።