ከሀዲያ እስከ ሊዝበን፦ እቴጌ እሌኒ

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ የምትኖሩ ከጅቡቲ የሚመጣውን የከባድ መኪና ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ባሕሩ በሰው እጅ ሲሆን ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ ሒሳብ ከ500 ዓመት በፊት የገባት ሴት ነበረች።

እሌኒ የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ሀዲያ ያኔ ለነገሥታቱ የሚገብር የሙስሊም ግዛት ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) አገባች፣ ክርስትናም ተነሳች። ልጅ ግን አልወለደችም። ልጅ የሌላት የንጉሥ ሚስት ባሏ ሲሞት ምን ሊተርፋት? እሷ ግን አልተረሳችም። የነገሠው በእደ ማርያም የገዛ እናቱን አጥቶ ስለነበር እሌኒን እንደ እናት አከበራት። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ስለ ወጥ አሠራሯም፣ ስለ መጻሕፍትና ሕግ እውቀቷም፣ ስለ መንግሥት ጉዳይ አዋቂነቷም በአንድ ትንፋሽ ያወራል። ሲቪ ይሉሃል ይሄ ነው!

ነገሥታት መጡ፣ ሄዱ፤ እሷ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆየች። በ1508 አፄ ናዖድ ከአዳል ጋር ሲዋጋ ሞተና ዙፋኑ ለልጁ ልብነ ድንግል ደረሰ፤ ገና 12 ዓመት ገደማ ነበር። አገሩን በሞግዚትነት የያዘችው እሌኒ ናት፤ ያኔ አሮጊት ሆናለች።

በዚያ ሰሞን ፖርቱጋሎች ሕንድ ውቅያኖስ ላይ መርከብ ማሰማራት ጀምረዋል። እሌኒ በ1509 አካባቢ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ላከች። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሰውና ስንቅ ከእኛ፣ መርከብ ከእናንተ፣ ጋብቻም ይጨመርበት። ከሙስሊም ቤት የወጣች ሴት ይሄን ማሰቧ ለአንዳንዱ ይከብደው ይሆናል፤ እኔ ግን የአገር መሪ ስሌት ነው የምለው።

ምስኪን ማቴዎስ! በሕንድ ዞሮ ሲሄድ ሰላይ ነህ ተብሎ መርከብ ላይ ታሰረ፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የተመለሰው በ1520 ሲሆን ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

እስከዚያ ልጁ ንጉሥ አድጓል። አዳልን አሸንፎ ስለነበር የፈረንጅ እርዳታ አላጓጓውም፤ እንግዶቹን እስከ 1526 አቆያቸው። እሌኒ ጎጃም ላይ መርጡለ ማርያምን አሠርታ፣ እንግዶቹ ገና አገር ውስጥ ሳሉ አረፈች።

በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ግራኝ አሕመድ የልብነ ድንግልን ጦር ሰበረ። 400 የሚሆኑ የፖርቱጋል ወታደሮች የደረሱት በ1541 ነው፤ ደብዳቤው ከተላከ 30 ዓመት አልፎት፣ ላኪዋ ካረፈች 20 ዓመት ሊሞላት ሲል። ያኔ ልብነ ድንግልም በሕይወት አልነበረም።