በአውሬዎች አንደበት የተናገሩ ደራሲ፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ወጣቶቻችን ለልደትና ለትንሣኤ በዓል በአዳራሽ የሚያሳዩት መንፈሳዊ ድራማ እዚህ በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌሎች ቁምስናዎች የተለመደ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ግን በንግሥት ትእዛዝ የታገደ ነበር። ስለዚህ በዚህ እትም የደራሲውን ሕይወት በአጭሩ ልንተርክ ወደድን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው በሐረር፣ በራስ መኰንን ቤት ቆይተው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ገና ብላቴና ሳሉ ወደ ሩስያ ሄዱ። በዚያም የመድፈኛ መኰንንነትን ተምረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር ተብሎ የቀረበላቸው ዝግጅት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆኖ አገኙት። በአውሮጳ እውነተኛውን ቴአትር አይተው ነበርና፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት አዘጋጁ። መነሻው የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ሲሆኑ፣ መኳንንቱ በተሰበሰቡበት በቴራስ ሆቴል ታየ።

ላይ ላዩን ሲመለከቱት የሕፃናት ተረት ይመስላል። ወርቁ ግን የሹማምንቱን ጉቦኝነትና የአስተዳደሩን ኋላ ቀርነት የሚነቅፍ ነበር። ምናልባት ሰሙ እጅግ ስስ ሳይሆን አልቀረም! ተመልካቾቹ በአውሬዎቹ ውስጥ የገዛ መልካቸውን ለዩ። ንግሥት ዘውዲቱ መጽሐፉ እንዲሰበሰብና ቴአትር እንዲቀር አዘዙ፤ መድረኩም ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እስኪነግሡ ድረስ ዝም አለ። ቁጣው፣ በእኛ አስተያየት፣ መልእክቱ በሚገባ ለመድረሱ ምስክር ነው።

ደራሲው ግን ነቅፈው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ በአዲስ ሥርዓት አቋቋሙ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥትም የጃፓንን አብነት ተከትለው አረቀቁ። ሕጉ ሥልጣንን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተወ መሆኑን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ መኳንንቱን የነቀፈው ብዕር ለዙፋኑ ራርቶለታል። የፋሽስት ወረራ በተቃረበ ጊዜ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ።

ከዚያ በኋላ የስደት ዘመናቸውን በማዳጋስካር አሳለፉ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በሐረርጌ፣ በሂርና፣ በእርሻ ሥራ ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ የደረሱ ሲሆን፣ የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው «ቴዎድሮስ» የተሰኘ ተውኔትም ጽፈዋል።