የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ

ከባሪያ ፈንጋይ እጅ ወጥተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ የመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበረ፤ ፍችውም ተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆቻቸው ይህን ስም ሲያወጡላቸው ወደ ፊት የሚሆነውን ያወቁ አይመስለኝም።

የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዷቸውና ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ስምንት ሰዎች እንደ ከብት ተቀባበሏቸው። በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነጻ አወጣቸው፤ ከዚያም በአቅራቢያው በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቁ ኦኔሲሞስ ተባሉ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበሉት የለመነለት ሰው ስም ነው። ተሽጦ ለነበረ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኛል!

በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ሲመለሱ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ወገኖቻቸው ዘንድ ደርሰው ወንጌልን ማስተማር ነው። ነገር ግን መንገዱ እምቢ አለ። በመጀመሪያ በሱዳን ዞረው ቢሄዱ ከአሶሳ ሳያልፉ ተመለሱ፤ በብርቱ ንዳድም ታመሙ። ሁለተኛ በሸዋ በኩል ሞክረው እንጦጦ ድረስ ሄዱ፤ ከዚያ እንዲያልፉ ስላልተፈቀደላቸው እንደ ገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ከእኛ መካከል አንድ ፈተና ሲወድቅ ትምህርቱን ሊተው የሚያስብ ስንት አለ? እኔም አንዱ ነበርሁ።

ኦኔሲሞስ ግን አምላካቸው መንገዱን አንድ ቀን ይከፍታል በሚል እምነት፣ እግራቸው ሊደርስበት ላልቻለው አገር መጽሐፍ ያዘጋጁ ጀመር። ችግሩ፣ ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ስለ ሆነ የኦሮሞ ቃል ይጐድልባቸው ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ተሽጣ ወደ ባሕር ማዶ ልትሻገር ስትል በ1886 ነጻ የወጣች ናት፤ ቋንቋዋን ግን አልረሳችም። 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባ ለትርጉሙ ሥራ አቀረበች። የእርሷ ስም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝነኛል። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ፊደሉም የእኛው ፊደል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ተርጓሚዎቹ ቀይ ባሕር ዳር፣ አንባቢው ወለጋና ኢሉባቦር!

መንገዱ የተከፈተው በ1904 ነው። ከተነጠቁ ከ35 ዓመት በኋላ ወለጋ ገብተው መጀመሪያ በቦጂ፣ ቀጥሎም በነቀምቴ ተቀመጡ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲሰብኩ ሰምቶ ወደዳቸው፤ በዚሁም ስብከት ተከሰሱ። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምቴ ይመለሱ አሉ፤ ስብከቱ ግን ተከለከለ። ያን ያህል ዘመን ተጠብቆ የተገኘ አገር ገብቶ ዝም ማለት ከእንጦጦ ከመመለስ ይብሳል ብዬ አስባለሁ። እሳቸው ግን ነቀምቴን አልለቀቁም፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ወዲያ 15 ዓመት አስተምረው በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።