ጎንደርን ሳያይ የቀረው የባህር ሠዓሊ

አብርሃ ጅራ ላይ ሰሊጥ የሚጭን ልጅ ባህር አይቶ ላያውቅ ይችላል። የጫነው ሰሊጥ ግን ባህር ማዶ ለመድረስ መርከብ ያስፈልገዋል። ሄንሪ ሶልትን ከ200 ዓመት በፊት ወደ አገራችን ያመጣው ይኸው የባህር ንግድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1780 እንግሊዝ ሊችፊልድ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ሐኪም ነበር። ለንደን ሥዕል ተምሮ የሰው መልክ እየሳለ ሊኖር ሞከረ፣ አልሆነለትም። በ1802 ቫለንሺያ የሚባል መኳንንት ጸሐፊና ሠዓሊ አድርጎ ይዞት ሄደ። ኬፕ፣ ህንድ፣ ሲሎን፣ ከዚያ ቀይ ባህር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር እንግሊዞች ለህንድ መንገዳቸው ሰግተዋል። ያኔ ፎቶ የለም! መርከብ የት እንደሚጠጋ፣ ከወደቡ ጀርባ ምን አገር እንዳለ የሚታየው በካርታና በሥዕል ነው። ሶልትን ሰላይ ለማለት አልቸኩልም፤ ግን እርሳሱ ለነጋዴውም ለባህር ኃይሉም ይሠራ ነበር።

በ1805 ከምፅዋ ወደ ትግራይ ወጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። አክሱም ላይ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። በ1809 ከሴንት ሄሌና እስከ ግብፅ የሳላቸው 24 ሥዕሎች ታተሙ፤ ቀይ ባህርም የኛም አገር አሉበት።

በዚያው ዓመት መንግሥቱ ንግድ እንዲያስከፍት መልሶ ላከው። የንጉሥ ጆርጅ 3ኛን ስጦታ ለጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት ሊያደርስ ነበር። ግን ዘመነ መሳፍንት ነው፣ መሳፍንቱ እየተዋጉ መንገዱ ተዘግቷል። ስጦታው ራስ ወልደ ሥላሴ ጋ ቀረ። ከጭነቱ ውስጥ መድፍም የእመቤታችን ሥዕልም ነበረበት፤ ሥዕሉ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። መድፍና ሥዕል በአንድ መርከብ!

ከሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ፣ በ1772 በመተማ በኩል ባለው ቆላ አድርጎ ወደ ስናር ወርዷል። ሶልት በመጽሐፉ ብሩስን ብዙ ቦታ ተችቶታል። ጎንደርን ያየው ግን ብሩስ ነው።

ሶልት ኋላ ግብፅ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ግዙፉ የራምሴስ 2ኛ ሐውልት ከግብፅ ሲወጣ እጁ አለበት። በ1827 እስክንድርያ አካባቢ፣ በ47 ዓመቱ ሞተ።