የማን ሰዓት ይበልጣል?

ኢኮኖሚክስ ተምሬም የሰዓት ዋጋ በደንብ የገባኝ የግሬስ ሆፐርን ታሪክ ሳነብ ነው።

በ1906 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ የተወለደችው የሂሳብ ዶክተር፣ በጦርነቱ ጊዜ ባሕር ኃይል ገብታ ሃርቫርድ ማርክ አንድ የተባለውን ግዙፍ ማሽን በቁጥር ኮድ ታዝዝ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ውድ ነው፤ የሰው ልፋት ግን ማን ይቆጥረዋል? እሷ ሒሳቡን ገለበጠችው፤ ማሽኑ ራሱ ይልፋ! በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ስትሠራ ብዙዎች አላመኗትም። እሷ ግን ቀጠለች፤ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዘውን ፍሎው-ማቲክ አመጣች። ኮቦልም ከሱ ብዙ ወርሷል። በ79 ዓመቷ በአድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጣች፤ በ1992 አረፈች።

ዛሬ በፓይተን የምሞካክራት ኮድ በማሽን ቋንቋ ከተጻፈ ትዘገያለች። ትዘግይ! የተረፈው ሰዓት የኔ ነው።