የበደል ተቃራኒ ምንድን ነው?
የሮበርት ኦዌን ሕይወትና ሥራ

ሰውን መበደል ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የተበደለው ያውቀዋል፤ የበደለውም ቢሆን ኅሊናው ፈጽሞ አይስተውም። የበደል ተቃራኒ ምን ይባላል ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድ ብቻ አይሆንም። ቋንቋችን ርኅራኄ፣ እንክብካቤና አክብሮት የሚሉ ቃላት አሉት። ሦስቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። የሚራራ ሰው የሌላው ሥቃይ ይሰማዋል፤ የሚንከባከብ ሰው ሥቃዩ እንዳይደርስ አስቀድሞ ያሰናዳል፤ የሚያከብር ሰው ደግሞ ያ ሌላው በራሱ ጉዳይ የመናገርና የመወሰን ችሎታና መብት እንዳለው ይቀበላል። የነዚህ ቃላት ልዩነት በሥራ ቦታ ላይ ጎልቶ ከሚታይባቸው የሕይወት ታሪኮች አንዱ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው የሮበርት ኦዌን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦዌን በዌልስ ውስጥ ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ በሜይ 14 ቀን 1771 ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪና የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ኦዌን በትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ ገና በ10 ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ እንግሊዝ አገር በመሄድ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገባ። የጨርቅን ዓይነትና ጥራት መለየት የተማረው በዚሁ ሱቅ ነው፤ የንባብ ፍቅሩንም በአሠሪው መጻሕፍት አዳበረ። ከዚያም በለንደን ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ወደ ማንቸስተር ተሻገረ፤ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሲሆንም 500 ያህል ሠራተኞች የነበሩት የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቃ።

በዚያን ዘመን በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ውስጥ የ6 እና የ7 ዓመት ሕፃናት ሳይቀሩ በቀን 13 እና 14 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ባለሀብቶቹ ለመኪናዎቻቸው የሚያደርጉት ጥንቃቄ ከፍተኛ ነበር፤ መኪናው ይጸዳል፣ ዘይት ይቀባል፣ ያረጀው ክፍል በጊዜው ይለወጣል። በመኪናው አጠገብ የሚቆመው ሰው ግን ሲደክም ይገሠጻል፣ ሲታመም ይባረራል። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ይህን ልዩነት በዓይኑ ያየው በማንቸስተር ነው።

ኦዌን በታሪክ የሚታወቅበት ቦታ ግን በስኮትላንድ የሚገኘው ኒው ላናርክ ነው። ይህን የፋብሪካ መንደር በ1785 በክላይድ ወንዝ ፏፏቴዎች አጠገብ ማቋቋም የጀመረው ዴቪድ ዴል የተባለ የግላስጎው ነጋዴ ሲሆን፣ የመፍተያ መኪናዎቹ የሚንቀሳቀሱት በውኃ ኃይል ነበር። ዴል ርኅሩኅ ሰው ነበር። ከኤዲንብራና ከግላስጎው የድሆች መጠለያዎች ያመጣቸውን 500 ያህል ሕፃናት በንጹሕ መኝታ ያስተኛቸው፣ በደንብ ይመግባቸው፣ ማታ ማታም ያስተምራቸው ነበር። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሕፃናት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በሥራ ይውሉ ስለነበር፣ ወደ ትምህርቱ የሚደርሱት ድካም ካሸነፋቸው በኋላ ነው። ርኅራኄው እውነተኛ ነበር፤ የሥራውን ሥርዓት ግን አልነካውም።

ኦዌንና ሸሪኮቹ ፋብሪካውን በ1799 በ60,000 ፓውንድ ገዙት፤ ገንዘቡም በ20 ዓመት ተከፍሎ እንዲያልቅ ተስማሙ። በዚያው ዓመት ኦዌን የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ፤ በጃንዋሪ 1800 የፋብሪካውን አስተዳደር ተረከበ። በመንደሩ ውስጥ 2,000 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር። ስርቆትና ስካር ተስፋፍቷል፤ ሠራተኞቹም ከሌላ አገር የመጣውንና አነጋገሩ የተለየውን አዲስ ሥራ አስኪያጅ በጥርጣሬ ተመለከቱት። ኦዌን ግን የሰው ጠባይ ከሚያድግበት ሁኔታ የሚመነጭ ነው የሚል ጽኑ እምነት ስለነበረው፣ ከቅጣት ይልቅ ሁኔታውን ለመለወጥ ተነሣ። ከድሆች መጠለያ ሕፃናትን ማምጣት አቆመ፤ ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይቀጠሩ ወሰነ። ቤቶቹንና መንገዶቹን አሻሻለ። ጥራት ያለው ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቶ ሠራተኛው ከነጋዴዎች ዕዳ እንዲላቀቅ አደረገ።

የሠራተኞቹ ጥርጣሬ የተወገደው ግን በችግር ቀን ነው። አሜሪካ ዕቃ ወደ ውጭ እንዳይላክ ባገደችበት ወቅት የጥጥ ዋጋ በመናሩ ብዙ ፋብሪካዎች ሥራ አቁመው ሠራተኞቻቸውን በተኑ። ኦዌንም መኪናዎቹን አቆመ፤ ሆኖም ሠራተኞቹ መኪናዎቹን በንጽሕና እየጠበቁ እንዲቆዩ አድርጎ ለአራት ወራት ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ወጪው ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቃሉ የሚጠራጠር አልተገኘም።

በሥራ ላይ የነበረው ቁጥጥርም የተለየ ነበር። በእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ አራት ገጽ ያለው ትንሽ እንጨት ይሰቀል ነበር፤ ጥቁሩ ገጽ መጥፎ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቢጫው ጥሩ፣ ነጩ እጅግ ጥሩ የሆነ የትናንት ሥራን ያመለክታል። ውጤቱ በየዕለቱ በመዝገብ ይሰፍራል። ተበድያለሁ የሚል ሠራተኛ መዝገቡ ከመጻፉ በፊት ለኦዌን አቤት የማለት መብት ነበረው። ኦዌን በፋብሪካው ሲዘዋወር እንጨቱንና ሰውየውን ተመልክቶ ያልፋል እንጂ ማንንም አይሳደብም፣ አይቆጣም። በጊዜ ብዛት ጥቁሩ እየቀነሰ ነጩ እየበዛ ሄደ።

በ1813 ትርፋቸውን በካፒታሉ ላይ ከመቶ 5 ለመወሰን ፈቃደኛ የሆኑ አዳዲስ ሸሪኮች አግኝቶ ፋብሪካውን በጨረታ ገዛ። ለባለፋብሪካዎች በጻፈው ጽሑፍም፣ ሕይወት ለሌለው መኪና የሚደረገው ጥንቃቄ ጥቅም የሚያስገኝ ከሆነ፣ አሠራሩ እጅግ የረቀቀው ሕያው ሰው የበለጠ ጥንቃቄ የማይደረግለት ስለምንድን ነው ሲል ሞገታቸው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1816 ለመንደሩ ሕዝብ የትምህርት ተቋም ከፈተ፤ ለሕፃናቱም በተለይ የተደራጀ ክፍል ነበረው። ልጆቹ በዚያ ያለ ዱላና ያለ ቁጣ በካርታ፣ ከተፈጥሮ በተሰበሰቡ ነገሮች፣ በመዝሙርና በጭፈራ ይማሩ ነበር። የሥራው ቀን ከምግብ ጊዜ በቀር ወደ 10 ሰዓት ተኩል ዝቅ አለ፤ ፋብሪካውም አትራፊነቱን አላጣም። በኋላ የሩስያ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ኒኮላስ ሳይቀር በ1816 መጥቶ ጎብኝቶታል።

ኦዌን በአንድ መንደር ብቻ መወሰን ስላልፈለገ፣ የሕፃናትን ሥራ የሚገድብ ሕግ እንዲወጣ ከ1815 ጀምሮ ታገለ። በ1819 የወጣው ሕግ ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠሩ፣ ከ16 ዓመት በታች የሆኑትም በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደነገገ። ይሁን እንጂ ለአፈጻጸሙ ቋሚ ተቆጣጣሪ አልተመደበለትም፤ ኦዌንም ካቀደው እጅግ ያነሰ በመሆኑ አዘነ።

የኦዌን ሥራ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይቻልም። በኒው ላናርክ ለሠራተኛው የሚበጀውን የሚያውቀውም የሚወስነውም እርሱ ነበር። ሠራተኛው አቤት ማለት ይችላል እንጂ በአስተዳደሩ ድምፅ አልነበረውም። እንክብካቤው ወደር ባይገኝለትም እንደ አባት እንክብካቤ ነበር፤ አባት ደግሞ ልጁ ማደጉን ሁልጊዜ ቶሎ አያስተውልም። በ1825 በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት ኒው ሃርመኒ የተባለውን መንደር ገዝቶ በእኩልነት የሚኖር ማኅበረሰብ ለማቋቋም ሞከረ። ነገር ግን ልዩ ልዩ ዓላማ ይዘው የመጡት ሰዎች በአንድ ሐሳብ ሊረጉ ስላልቻሉ ሙከራው በ1827 ፈረሰ፤ ከሀብቱም አብዛኛውን አጠፋበት።

ወደ እንግሊዝ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ባለጸጋ አልነበረም። በዚህን ጊዜ ግን ሠራተኞች ሐሳቡን ተቀብለው በራሳቸው መንገድ ያራምዱት ጀመር። በ1834 የተቋቋመውን ታላቅ የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት መራ፤ ኅብረቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በ1844 ሮችዴል በተባለችው ከተማ ጥቂት ሠራተኞች አነስተኛ ገንዘብ አዋጥተው የኅብረት ሥራ ሱቅ ከፈቱ፤ ከመሥራቾቹም መካከል የኦዌን ተከታዮች ይገኙበት ነበር። ሥርዓታቸው እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው፣ ትርፉም በገዛው መጠን እንዲከፈለው የሚያደርግ ነበር። ኦዌን በርካሽ ይሸጥላቸው የነበረውን ሱቅ እነዚህ ራሳቸው አስተዳደሩት። ከእንክብካቤ ወደ አክብሮት የተሻገረው እርምጃ ይህ ነው።

ሮበርት ኦዌን በኖቬምበር 17 ቀን 1858 በተወለደባት ከተማ በኒውታውን በ87 ዓመቱ አረፈ። የኒው ላናርክ ፋብሪካ እስከ 1968 ሲሠራ ቆየ፤ መንደሩም በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

መሐንዲስ የመኪናን ጥገና በፕሮግራም ይይዛል፤ ብልሽት እስኪደርስ መጠበቅ የሙያ ጉድለት እንደሆነ ያውቃል። በሥሩ ለሚሠሩት ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ርኅራኄ ብቻ ነው፤ ያም አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። የኦዌን ሕይወት የሚያስተምረው ሰውን አለመበደል በመልካም ልብ ብቻ እንደማይፈጸም ነው። የሥራው ሰዓት፣ የመኖሪያው ቤት፣ የደመወዙ መዝገብና የአቤቱታው መንገድ በዚሁ መንፈስ ሊታቀዱ ይገባል። በዕቅዱም ላይ የሚሠራበት ሰው ድምፅ ሊሰማ ይገባል፤ ኦዌን ለሌሎች ያስተረፈው ሥራ ይህ ነበርና።